ኮሚሽን ዜሮ፣ ዳታ ግን በክፍያ፦ የግል ትሬደር የገበያ ዳታ ወጪውን የሚቀንስበት መንገድ

ብዙ ብሮከሮች (ትዕዛዛችንን ተቀብለው አክሲዮን የሚገዙልንና የሚሸጡልን ድርጅቶች) «ኮሚሽን ዜሮ» ብለው ያስተዋውቃሉ። ውሸት አይደለም። ግን የወሩን ስቴትመንት ስትከፍቱ ወደ ታች ሦስት አራት ትንንሽ መስመሮች ልታገኙ ትችላላችሁ። አንዱ 1.50፣ ሌላው 4.50፣ ሌላው 15 ዶላር ይላል። የገበያ ዳታ፣ ማለትም የአክሲዮኖችን ዋጋ ስክሪን ላይ የማየት ክፍያ ነው። በወሩ ውስጥ አንድም አክሲዮን ባትገዙ ይቆረጣል።

ክፍያው የሚመጣው ከአክሲዮን ገበያዎቹ ነው። ገዢና ሻጭ በተገናኙ ቁጥር ዋጋ ይወለዳል፤ ዋጋው ደግሞ ራሱን የቻለ ሸቀጥ ነው። የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያም፣ ናስዳክም፣ ሲቦም፣ የለንደኑም ዳታ ይሸጣሉ። ብሮከሩ ገዝቶ ለእናንተ ያስተላልፋል። አንዳንዱ ወጪውን ራሱ ይሸፍናል፤ አንዳንዱ እንዳለ ወደ ደንበኛው ያወርደዋል፤ አንዳንዱም ትንሽ ጨምሮበት ነው የሚያወርደው። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ትንሽ ያናድዳል፤ ዋጋውን የሚፈጥሩት ትሬደሮች የላኳቸው ትዕዛዞች ናቸውና። እኛው የሰጠነውን መልሰን እንገዛለን ማለት ነው።

ይህ ቅሬታ የትንንሽ ትሬደሮች ብቻ አይደለም። በ2018 የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን፣ ናስዳክና የኒውዮርክ ገበያ እህት የሆነው አርካ በአንዳንድ የዳታ ምርቶች ላይ ያስከፈሉት ዋጋ ተገቢ መሆኑን አላስረዱም ብሎ ወስኖ ነበር። በ2020 የይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። እኛ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ እየከፈልን ቁጭ ማለት የለብንም። ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ከሠራችሁ፣ ብዙዎቻችሁ ወጪያችሁን ከግማሽ በላይ መቀነስ ትችላላችሁ ብዬ አስባለሁ።

ደረጃ 1፦ ምን እየከፈላችሁ እንደሆነ እወቁ

የሦስት ወር ስቴትመንት አውጡ። አንድ ወር አይበቃም፤ አንዳንዱ ክፍያ በየወሩ ይለዋወጣል። የዳታ መስመሮቹን በሙሉ ለብቻ ጻፉ። የቻርት ድረ ገጽ ወይም አፕ ላይ የምትከፍሉትንም እዚያው ጨምሩ፤ እሱ ብዙ ጊዜ በባንክ ካርድ ስለሚቆረጥ ከብሮከሩ ስቴትመንት ላይ አይገኝም። ሰው የሚረሳውም እሱን ነው።

ስማቸው ግራ ያጋባል። በአሜሪካ ገበያ «ኔትወርክ ኤ»፣ «ኔትወርክ ቢ» እና «ኔትወርክ ሲ» የሚሉ ሦስት መስመሮች ሊገጥሟችሁ ይችላሉ። ኤ በኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ የተመዘገቡት አክሲዮኖች ነው። ሲ በናስዳክ የተመዘገቡት ነው። ቢ ደግሞ እንደ አርካና ሲቦ ባሉ ሌሎች ገበያዎች የተመዘገቡት ሲሆን፣ ኢቲኤፍ (እንደ አንድ አክሲዮን የሚሸጥ የብዙ አክሲዮኖች ጥቅል) የሚገበያይ ሰው በብዛት የሚፈልገው ይህን ነው። ኦፕሽን (በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት) ካለ ለብቻው ሌላ መስመር አለው። ፊውቸርስ (ዛሬ በተወሰነ ዋጋ ወደፊት ለመገበያየት የሚደረግ ውል) ደግሞ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። የቺካጎው ሲኤምኢ ለዓመታት ለግል ትሬደሮች በነፃ ይሰጥ የነበረውን ዳታ በ2015 ማስከፈል ጀምሯል።

ከእያንዳንዱ መስመር ጎን አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ ባለፉት ሦስት ወራት በዚህ ገበያ ስንት ጊዜ ገዛሁ ወይም ሸጥኩ? መልሱ ዜሮ የሆነበትን መስመር ሌላ ሳታስቡ ሰርዙት።

ደረጃ 2፦ ክፍያውን ወደ በመቶ ቀይሩት

30 ዶላር በወር ብዙ አይመስልም። የማይመስለውም ለብቻው ስለምናየው ነው። ከአካውንታችሁ ጋር አስተያዩት።

30 ዶላር በወር በዓመት 360 ዶላር ነው። አካውንታችሁ 1,000 ዶላር ከሆነ፣ 36 በመቶ ካላተረፋችሁ ኪሳራ ውስጥ ናችሁ። ያ ደግሞ አንድም የተሳሳተ ትሬድ ሳትሠሩ ነው። አካውንቱ 10,000 ከሆነ 3.6 በመቶ ይሆናል። 50,000 ሲሆን 0.72 በመቶ። ያው ክፍያ፣ ያው ዳታ፣ ግን ለትንሹ ትሬደር ሸክሙ 50 እጥፍ ነው። የዳታ ክፍያ ትንንሹን የሚጎዳው በዚህ ነው፤ እንደ ኮሚሽን በግብይቱ ልክ አይጨምርም፣ አይቀንስም።

ሁለተኛው ስሌት በትሬድ ነው። የወሩን የዳታ ክፍያ በወሩ ትሬዶች ቁጥር አካፍሉ። በወር አራት ጊዜ የምትገበያዩ ከሆነ 30 ለ4 ሲካፈል 7.50 ዶላር ይመጣል። እንግዲህ የእናንተ «ዜሮ ኮሚሽን» በትሬድ 7.50 ነው ማለት ነው። በወር 100 ጊዜ ለሚገበያይ ግን 30 ሳንቲም ብቻ ነው፤ እሱ ቢከፍል አይፈረድበትም።

የእኔ መለኪያ ቀላል ነው። የዓመቱ የዳታ ወጪ ከአካውንቱ 1 በመቶ ካለፈ አንድ ነገር መቀነስ አለበት። ሕግ አይደለም፣ የግል ግምቴ ነው። እናንተ ግማሽ በመቶ ብትሉም አልከራከርም።

ደረጃ 3፦ «ፕሮፌሽናል» የሚለውን ፎርም አጣሩ

ከሁሉም ደረጃዎች ብዙ ገንዘብ ያለው እዚህ ነው። ገበያዎቹ ደንበኛን በሁለት ይከፍላሉ፦ ፕሮፌሽናል እና ነን-ፕሮፌሽናል። ልዩነቱ የችሎታ አይደለም። ለ20 ዓመት የተገበያየ ሰው ነን-ፕሮፌሽናል ሊሆን ይችላል፤ ትናንት አካውንት የከፈተ ጀማሪ ደግሞ ፕሮፌሽናል ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል።

የዋጋ ልዩነቱ ደግሞ የትየለሌ ነው። በአሜሪካ፣ ሁሉንም ገበያዎች አጠቃሎ የሚያሳየው መሠረታዊ ዳታ ለነን-ፕሮፌሽናል ለዓመታት በእያንዳንዱ ኔትወርክ በወር 1 ዶላር ያህል ነው፤ ብሮከሩ ትንሽ ሊጨምርበት ይችላል። ለፕሮፌሽናል ግን ያው ዳታ እንደ ኔትወርኩ ከ20 ዶላር ይጀምርና ወደ 45 ይጠጋል። ሦስቱን ኔትወርኮች ስትደምሩ በአንድ በኩል የሻይ ገንዘብ፣ በሌላ በኩል የዓመት ትርፍ የሚበላ ሂሳብ ይመጣል።

ፎርሙ ላይ የሚጠየቁት ነገሮች ከብሮከር ብሮከር ብዙም አይለያዩም። ዳታውን የምትጠቀሙት ለግል ኢንቨስትመንታችሁ ብቻ ነው? በተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ወይም በአክሲዮን ገበያ እንደ ባለሙያ ተመዝግባችኋል? እንደ ኢንቨስትመንት አማካሪ ትሠራላችሁ? የሌላ ሰው ገንዘብ ታስተዳድራላችሁ? ባንክ ወይም ፋይናንስ ተቋም ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ ትሠራላችሁ? የመጀመሪያውን «አዎ»፣ የቀሩትን «አይ» ያለ የግል ሰው በአብዛኛው ነን-ፕሮፌሽናል ነው።

ሰው የሚሰናከልባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ።

አንደኛው ችኮላ ነው። ብዙ ሰው አካውንት ሲከፍት ይህን ገጽ ሳያነብ ያልፈዋል። ሳይሞላ የቀረውን አንዳንድ ብሮከር በራሱ ፕሮፌሽናል አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዛሬውኑ እዩት። የገበያ ዳታ ወይም ሳብስክሪፕሽን የሚለው ገጽ ላይ የእናንተ ደረጃ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው ድርጅት ነው። ለግብር ይመቻል ብሎ በኩባንያ ስም አካውንት የከፈተ ሰው፣ የኩባንያው ባለቤትም ሠራተኛም እሱ ብቻ ቢሆንም፣ ብዙ ገበያዎች እንደ ፕሮፌሽናል ይቆጥሩታል። ነን-ፕሮፌሽናል የሚባለው የተፈጥሮ ሰው ነው፤ ኩባንያ ደግሞ የተፈጥሮ ሰው አይደለም። ስለዚህ በኩባንያ ስም ለመገበያየት ስታስቡ የዳታውን ልዩነት ከግብሩ ጥቅም ላይ ቀንሳችሁ አስሉ። አንዳንዴ ጥቅሙን ጠራርጎ ይወስደዋል።

ሦስተኛው የውሸት መልስ ነው። ፕሮፌሽናል የሆነ ሰው ለማትረፍ ብሎ «አይ» ቢል ነገሩ እዚያ ላይ አያበቃም። ገበያዎቹ ብሮከሮችን ኦዲት ያደርጋሉ፤ ሲገኝ ልዩነቱ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይጠየቃል። የሥራ ቦታ ስትቀይሩ፣ በተለይ ፋይናንስ ተቋም ስትገቡ፣ ፎርሙን እንደገና ሙሉ።

ደረጃ 4፦ የምትፈልጉትን የዳታ ዓይነት ምረጡ

ውሳኔያችሁ ከሚፈልገው በላይ ፈጣን ዳታ አትግዙ። ይህን ደረጃ በዚህ ዓይን አንብቡት።

ዘግይቶ የሚመጣው ዳታ ነፃ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የተለመደው መዘግየት 15 ደቂቃ ነው። እንዲያውም የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ዳታው ከ15 ደቂቃ በኋላ በነፃ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በሳምንት አንዴ የምትገዙ ወይም ውሳኔያችሁ ገበያው ከተዘጋ በኋላ በሚወጣው የቀኑ ቻርት ላይ የተመሠረተ ከሆነ ይኸው ይበቃችኋል። ማታ ቻርት አይቶ ጠዋት ትዕዛዝ ለሚሰጥ ሰው ሪልታይም (በዚያው ቅጽበት የሚደርስ) ዳታ ጌጥ ነው።

ቀጥሎ ያለው በጥያቄ የሚከፈለው ነው፤ ብሮከሮች «ስናፕሾት» ይሉታል። ዋጋውን ለማየት በነካችሁት ቁጥር የአንድ ሳንቲም ያህል ወይም ጥቂት ሳንቲሞች ይቆጠራል። በወር አሥር ትሬድ የሚሠራና ለእያንዳንዱ አምስት ጊዜ የሚያይ ሰው፣ በአሜሪካ አክሲዮን ከአንድ ዶላር ብዙም ላይርቅ ይችላል። ብሮከራችሁ ይህን የሚያቀርብ ከሆነ መጀመሪያ ሞክሩት።

ሦስተኛው የአንድ ገበያ ሪልታይም ዳታ ነው። ብዙ የቻርት አፖችና ብሮከሮች በነፃ የሚያሳዩት «ሪልታይም» ይህ ነው። እውነትም ሪልታይም ነው፤ ግን የአንድ ገበያ ብቻ ነው። ችግሩን በቁጥር እንየው። አንድ አክሲዮን በነፃው ዳታችሁ ላይ መግዣው (ገዢዎች እንከፍላለን ያሉት፣ ቢድ) 50.07፣ መሸጫው (ሻጮች የጠየቁት፣ አስክ) 50.18 ይላል። ስፕሬዱ፣ ማለትም በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት፣ 11 ሳንቲም ነው። ሁሉም ገበያዎች ሲጠቃለሉ ግን ምርጡ መግዣ 50.11፣ ምርጡ መሸጫ 50.13 ነው። እውነተኛው ስፕሬድ 2 ሳንቲም ብቻ።

ምን ትጎዳላችሁ? በ50.18 ሊሚት (ከዚህ ዋጋ በላይ አልገዛም የሚል ትዕዛዝ) ለመግዛት ብትልኩ ብዙም አትጎዱም። ብሮከሩ ለደንበኛው የተሻለውን ዋጋ የመፈለግ ግዴታ ስላለበት በ50.13 አካባቢ ይገዛላችኋል። ጉዳቱ በሌላ በኩል ነው። «ከሰልፉ ፊት ልቁም» ብላችሁ በ50.08 ሊሚት ብትልኩ፣ ፊት የቆማችሁ ይመስላችኋል እንጂ ከኋላ ናችሁ። ከእናንተ በላይ በ50.09፣ በ50.10፣ በ50.11 የሚጠብቁ አሉ። አክሲዮኑ ይነሳል፤ እናንተ ቆማችሁ ታያላችሁ።

የግብይት መጠንም ይዛባል። አንድ ገበያ ከቀኑ ግብይት የሚያየው ቁራጩን ነው። በአሜሪካ ከጠቅላላው ግብይት ግማሽ ያህሉ ጭራሽ ከገበያዎቹ ውጭ፣ ትዕዛዝ በሚያገናኙ ትልልቅ ድርጅቶችና በጨለማ ገንዳዎች (ትዕዛዞች በይፋ በማይታዩባቸው የግል መገበያያዎች) ነው የሚካሄደው። ስለዚህ በአንድ ገበያ ዳታ ላይ ቮልዩም ኢንዲኬተር ጭኖ «ገዢው ደከመ» ማለት አደገኛ ነው። የመክፈቻና የመዝጊያ ዋጋም እንዲሁ። ይፋዊው መክፈቻና መዝጊያ የሚወሰነው አክሲዮኑ በተመዘገበበት ገበያ ጨረታ ነው። የሌላ ገበያ ዳታ ላይ ያለው መዝጊያ በጥቂት ሳንቲሞች ሊለይ ይችላል።

አራተኛው የተጠቃለለው ሪልታይም ዳታ ነው፤ ከላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ያልኩት። በቀን ውስጥ ገብቶ ለሚወጣ ነን-ፕሮፌሽናል ትሬደር ከሁሉም ጥሩው ግዢ ይህ ነው ባይ ነኝ። በወር ጥቂት ዶላር ነው፤ ከላይ ያየነውን ግራ መጋባት በሙሉ ያጠፋል። ከዳታ ላይ ስትቆጥቡ ይህን የመጨረሻ አድርጉት።

አምስተኛው የገበያ ጥልቀት፣ ማለትም ሌቭል ሁለት ነው። ከምርጡ ዋጋ በታችና በላይ የተደረደሩትን ትዕዛዞች ያሳያል። ለአንድ ገበያ ብቻ በወር ከ10 ዶላር በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ስክሪኑ ላይ ቁጥሮች ሲርመሰመሱ ማየት ያምራል፤ ሰው የሚገዛውም ብዙ ጊዜ ለዚያ ነው። የምታዩት ትዕዛዝ ግን ከመድረሳችሁ በፊት ሊሰረዝ ይችላል፣ የተደበቀም አለ። ሙሉ በሙሉ በትዕዛዝ ፍሰት ካልተገበያያችሁ በቀር ይቅርባችሁ።

ስለ ፍጥነት አንድ ነገር ልጨምር። ትልልቆቹ ድርጅቶች ኮምፒውተራቸውን ኒውጀርሲ ውስጥ ከገበያዎቹ ማሽን አጠገብ አስቀምጠው፣ በማይክሮ ሰከንድ ይወዳደራሉ። የኒውዮርኩ በማዋ፣ የናስዳክ በካርተሬት ነው ያሉት። ቤታችሁ ያለው ኢንተርኔት ብቻውን ከዚያ በብዙ መቶ እጥፍ ይዘገያል። ስለዚህ «ፈጣን ዳታ» የሚል ማስታወቂያ ቤቱ ተቀምጦ በእጁ ለሚገበያይ ሰው ትርጉም የለውም።

ደረጃ 5፦ ድርብ ክፍያን አጥፉ

ያው የናስዳክ ዳታ በብሮከራችሁ 1.50፣ በቻርት አፓችሁ ደግሞ ሌላ ዋጋ ሊከፈልበት ይችላል። ገበያው የሚያስከፍለው በተጠቃሚና በአቅራቢ ስለሆነ፣ አንዱ ጋ መክፈላችሁ ሌላውን አያስቀርም። ሁለት ብሮከር ያለውም ሁለቴ ይከፍላል። መፍትሔው የብሮከራችሁን አካውንት ከቻርት አፑ ጋር ማገናኘት ይቻል እንደሆነ ማየት ነው። ካልተቻለም ቻርቱን በነፃው ዳታ እዩ፣ ዋጋውን ትዕዛዝ በምትሰጡበት ስክሪን ላይ አረጋግጡ።

ይህ የመጨረሻው ብልሃት ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በአሜሪካ ደንብ መሠረት፣ የግብይት ውሳኔ የሚተገበርበት ስክሪን ላይ ዋጋ የሚያሳይ ብሮከር የተጠቃለለውን ዋጋ ማቅረብ አለበት። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ብሮከር ዝርዝራችሁን በዘገየ ዳታ እያሳየ፣ «ግዛ» የሚለውን ስትነኩ ግን ትክክለኛውን ቢድና አስክ ያወጣላችኋል። የእናንተው እንዴት እንደሚሠራ ሳትልኩት አንድ ትዕዛዝ ከፍታችሁ ሞክሩ።

የቀን አቆጣጠሩንም ልብ በሉ። ብዙ ብሮከሮች የሚያስከፍሉት በካላንደር ወር ነው። በ28ኛው ቀን ብትመዘገቡ የሙሉ ወሩን ይቆርጡና በ1 ደግሞ አዲስ ይጀምራሉ። ስለዚህ ስትመዘገቡ በወሩ መጀመሪያ፣ ስትሰርዙ ደግሞ ወሩ ከማለቁ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ አድርጉት። ለእረፍት የምትሄዱበትን ወርም ሰርዙ፤ ስትመለሱ መልሶ ማብራት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

በመጨረሻም «ይቅርታ የሚደረግለት» ክፍያ መኖሩን ጠይቁ። አንዳንድ ብሮከሮች የወሩ ኮሚሽናችሁ ከተወሰነ መጠን ካለፈ የዳታውን ይመልሳሉ። ጥሩ ነው። ግን ክፍያውን ለማስመለስ ብላችሁ ያላሰባችሁትን ትሬድ አትሥሩ፤ 10 ዶላር ለማዳን 40 ዶላር የሚያወጣ ሰው አይጠፋም።

ደረጃ 6፦ በርካሽ ዳታ በጥንቃቄ ተገበያዩ

ዳታውን ከቀነሳችሁ አሠራራችሁም መስተካከል አለበት። በዘገየ ዋጋ ላይ ማርኬት ኦርደር (በተገኘው ዋጋ ወዲያው ግዛ ወይም ሽጥ የሚል ትዕዛዝ) አትላኩ። የምታዩት 50.12 የ15 ደቂቃ ወሬ ነው፤ አሁን 51.40 ሊሆን ይችላል። ሊሚት ኦርደር ብቻ ተጠቀሙ፣ ልትከፍሉ የምትፈቅዱትን የመጨረሻ ዋጋ ጻፉበት፣ ከዚያ ተዉት።

ገበያው በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከመግባት ተቆጠቡ፤ ስፕሬዱ የሚሰፋውና ዋጋው የሚዘለው ያኔ ነው። ኩባንያው የሥራ ውጤቱን በሚያሳውቅበት ቀን የእሱን አክሲዮን አትንኩት፣ ወይም ለዚያ ቀን ስናፕሾት ግዙ። ትንሽ ግብይት ያላቸው አክሲዮኖች ላይ ደግሞ የአንድ ገበያ ዳታ ጭራሽ ባዶ ሊሆን ስለሚችል፣ እዚያ የተጠቃለለውን ዋጋ ሳታዩ አትግቡ።

ስቶፕ ኦርደርን (ዋጋው እናንተ የወሰናችሁት ነጥብ ላይ ሲደርስ የሚነቃ ትዕዛዝ) በተመለከተ አትስጉ። ስቶፑ በአብዛኛው የሚነቃው ብሮከሩ ወይም ገበያው በሚያየው ዋጋ እንጂ እናንተ ስክሪን ላይ ባለው አይደለም። ዳታችሁ ቢዘገይም ስቶፑ አይዘገይም። ስክሪናችሁ ላይ ዋጋው ገና ሳይደርስ ተሸጦ ብታገኙት ግራ አትጋቡ፤ የምታዩት ያለፈውን ነው።

ደረጃ 7፦ በየሩብ ዓመቱ ድገሙት

የዳታ ዋጋ አይቆምም። ገበያዎች ዋጋ ሲቀይሩ ብሮከሩ ማስታወቂያ ይልካል። አብዛኛው ጊዜ የሚመጣው ማንም በማያነበው ኢሜይል ውስጥ፣ ረጅም ሠንጠረዥ ሆኖ ነው። ኢሜይላችሁ ላይ «የገበያ ዳታ» ለሚል ቃል ማጣሪያ ሥሩና ለብቻው ፎልደር ይግባ። በየሦስት ወሩ ፎልደሩን ክፈቱ፣ ደረጃ 1 እና 2ን ድገሙ። አካውንታችሁ ካደገ ወይም የአገበያየት ዘዴያችሁ ከተለወጠ ውሳኔውም ይለወጣል። በወር አራት ጊዜ ይገበያይ የነበረ ሰው በቀን አራት ጊዜ ከጀመረ፣ የተጠቃለለውን ዳታ በዚያው ሳምንት ይግዛ።